ከጎረቤት የመጣው ሳህን



ካቻምና ከአረፋ በዓል ቀጥሎ በዋለው እሑድ፣ ከጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወደ ቁምስናችን የምትመጣ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ በበሩ አጠገብ ጠብቃኝ ነበር። ያጋጠማት ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በበዓሉ ዕለት ፊት ለፊቷ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤቷ ሥጋ የሞላበት፣ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን በሴት ልጇ እጅ ላከችላት። እርሷም በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «እንኳን አደረሳችሁ፤ እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት» ብላ ልጅቷን ሸኘች። በሩን ከዘጋች በኋላ ግን ሥጋውን በፌስታል ቋጥራ ከቆሻሻው ጋር አወጣችው። የስምንት ዓመት ወንድ ልጇ ይህን ሁሉ ቆሞ ይመለከት ነበርና፣ «እማዬ፣ የምትጥዪው ከሆነ ለምን አመሰገንሻት?» ሲል ጠየቃት።

እናቲቱ ለእኔ ያቀረበችው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። «አባ፣ ኃጢአቱ የቱ ነው? መጣሌ ነው ወይስ ብበላው ኖሮ ነበር ኃጢአት የሚሆንብኝ?» አለችኝ። የሚጠብቁኝ ሌሎች ሰዎች ነበሩና ቶሎ መለስሁላት። ሙስሊም ያረደውን መብላት የሚከለክል ሕግ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 10 ላይ፣ ያላመነ ሰው ወደ ማዕዱ የጠራው ክርስቲያን የቀረበለትን ምግብ ከየት መጣ እያለ እንዲመረምር አያስገድደውም፤ አለመብላትሽ የአገር ልማድ ነው፤ ብትጠብቂውም ብትተዪውም አትኮነኚበትም፤ ምግብ መጣል ግን ደግ አይደለም አልኋት። አመስግናኝ ሄደች።

መልሴ ስሕተት አልነበረበትም። ሆኖም ማታ ላይ የልጁ ጥያቄ ወደ አእምሮዬ ተመልሶ መጣ። ልጁ ስለ ሥጋ አልጠየቀም። እኔም የሕግ መጽሐፍ ገልጬ ማንም ላልጠየቀው ነገር መልስ ሰጥቼ ነበር ማለት ነው።

እንደሚታወቀው በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ሐና ማርያም፣ የብዙ ምእመኖቻችን ኑሮ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባው ሲከፈት ከ450 ሺህ የማያንስ ሰው በአዲስ አበባ ተመዝግቦ ዕጣ ይጠባበቅ ጀመር። ዕጣ ደግሞ ቤት እንጂ ጎረቤት አይመርጥም። በአሮጌዎቹ ሰፈሮችም ቢሆን የልዩ ልዩ ሃይማኖት ሰዎች በአንድ አጥር ይኖሩ ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤትነቱ በብዙ ዓመት ልቅሶና ሠርግ የተሠራ ስለነበረ ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን መቼ እንደሚጾም ሳይነገር የታወቀ ነበር። በዕጣ የተገናኙ ሰዎች ይህ ዕውቀት የላቸውም። የሕንፃዎቹ ንድፍ አውጪዎች ለበግ ማረጃ፣ ለድግስ ማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ማሰባቸው የሚመሰገን ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ማን በማን ድስት እንደሚሠራ መነጋገር ግን ለነዋሪዎቹ የተተወ ነው።

ለእኛ ለካቶሊካውያን ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ በመላው አገሪቱ ካቶሊክ ነን ያሉት ከመቶ 0.7 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ካቶሊክ ልጅ በሚኖርበት ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ካቶሊክ ነው። ከላይ ያሉት አሮጊት «እናንተ አትጾሙም አሉ» ይሉታል፤ ከታች ያለው ጓደኛው «እናንተ ለምን ሥዕል ፊት ትጸልያላችሁ?» ይለዋል፤ ከፊት ለፊት ያለችው ልጅ ደግሞ ሳህን ይዛ ትመጣለች። ይህ ልጅ በሳምንት አንድ ሰዓት ከትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ጋር፣ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ከደረጃው ጋር ነው።

በአገራችን የእርድ ሥጋ ተራ ምግብ ሆኖ አያውቅም። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ያርዳል፤ ሙስሊሙ በአላህ ስም ያርዳል፤ ስለዚህም ከማን እርድ መብላት የማን ወገን መሆንን የሚናገር ምስክርነት ሆኖ ኖሯል። አባቶቻችን ግን ከዚህ ጥብቅ ልማድ ጎን ሌላ ልማድ አቆሙ። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ወዳጆቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፤ ድስቱም፣ ወጥ ሠሪዋም ለብቻ ይሆናሉ። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። በወሎ አንዱ ወንድም ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም በሆነበት ቤተ ዘመድ ይህ ሥርዓት ለእንግዳ ብቻ ሳይሆን ለሥጋ ዘመድም የሚደረግ ነው።

የዚህ ሥርዓት ቁም ነገር ልዩነትን አለመደበቁ ላይ ነው። ደጋሹ እንግዳው ከእርሱ እርድ እንደማይበላ ያውቃል፤ ማወቁንም በድስቱ ያሳያል። እንግዳው የደጋሹን እምነት እንዲቀበል አይጠየቅም፤ ልዩነቱ ምንም አይደለም ብሎ እንዲያስመስልም አይጠየቅም። ሁለቱም በአንድ ሠርግ ላይ ይውላሉ። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት «መቻቻል» የሚለው ቃል በየስብሰባው ተለምዷል። ክፉ ቃል ነው አልልም። ቢሆንም ሰው የሚችለው ሸክምን፣ ሕመምን፣ ብርድን ነው፤ ለጎረቤቱ ብሎ ሁለተኛ ድስት የጣደ ሰው ከመቻል ያለፈ ነገር አድርጓል።

እንግዲህ የጀሞዋን እናት ነገር በዚህ መስፈርት ብንመለከተው፣ ያስቸገረው አለመብላቷ አይደለም። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በሚገኘው በሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 6 ላይ (ይህ በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ዘንድ በዚሁ ስም ከሚታወቀው መጽሐፍ የተለየ ነው) አልዓዛር የተባለ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ታሪክ ተጽፏል። በንጉሥ አንጥዮኮስ ዘመን የእሪያ ሥጋ እንዲበላ ተገደደ። ከገዳዮቹ መካከል የነበሩ የቆዩ ወዳጆቹ አዝነውለት ለብቻው ወሰዱትና አንድ መላ መከሩት፤ ሕጉ የሚፈቅድለትን ሥጋ ራሱ አዘጋጅቶ ያምጣ፣ ንጉሡ ያዘዘውን የሚበላ ይምሰል፣ ነፍሱንም ያትርፍ። ልብ እንበል፤ በዚህ መላ አልዓዛር አንዲት የሕግ ቃል እንኳ አይጥስም ነበር። ሥጋው ንጹሕ ነው። እርሱ ግን እምቢ አለ፤ ምክንያቱም ወጣቶቹ ማስመሰሉን አይተው ሽማግሌው በስተርጅናው ሃይማኖቱን ለወጠ ብለው እንዳይሰናከሉ ነው። የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ልጆች የሚያዩትንም መዘነ።

የእኛ እናት ያደረገችው የዚህ ግልባጭ ነው። የማትበላውን እንደምትበላ አስመሰለች። ያስገደዳት ንጉሥ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። ስለ ይሉኝታ ክፉ መናገር አልወድም፤ ብዙ ጠብ የሚያስቀር፣ የሰውን ፊት የሚጠብቅ የአገራችን ጸጋ ነውና። ነገር ግን ይሉኝታ የሌላውን ክብር መጠበቁን ትቶ የራስን መልካም ገጽታ ብቻ መጠበቅ ሲጀምር ባዶ ይሆናል። ቅዱስ ጴጥሮስም በአንጾኪያ የተወቀሰው (ገላ. 2) የሚበላውና የማይበላው ስለነበረው አይመስለኝም፤ ማን እያየው እንደሆነ አይቶ ማዕዱን ስለለወጠ ነው።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳልቆይ ቤታቸውን ልጎበኝ ሄድሁ። ለእናቲቱም ቀድሞ የሰጠኋት መልስ ጎዶሎ እንደነበረ ነግሬ፣ ጎረቤቷን አግኝታ እውነቱን በትሕትና ብታስረዳት እንደሚሻል መከርኋት። ከዚህ በኋላ መቀራረባቸው ይጨምራል ብዬም ተስፋ ሰጠኋት። እርሷም ነገረቻት። ጎረቤቲቱ ጥቂት ዝም ብላ፣ «በሥራ ቦታዬ ያለችው ካቶሊክ እኮ ከእኔ ጋር ትበላለች፤ እናንተ የምትበሉ መስሎኝ ነው» አለቻት። ሳህኑ የተላከው ከድፍረት ሳይሆን ካቶሊክ ጎረቤቷን ዐውቃለሁ ብላ ካሰበች ሴት ነበር። የተባለችውም ካቶሊክ አልበደለችም፤ ከላይ እንዳልሁት የሚከለክላት ሕግ የለም። በመካከላችን የሚበሉም የማይበሉም መኖራቸውን ጎረቤቲቱ ከየት ልታውቅ? ይሁን እንጂ አዘነች። ለአንድ ወር ያህል ልጅቷ በሩን አላንኳኳችም። ስለዚህ የሰጠሁት ተስፋ አልያዘም፤ እውነት መናገር ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

በዚያ ወር ውስጥ ነው እንግዲህ ልጁ ዋናውን ጥያቄ ያመጣው፤ «እነሱ ተሳስተዋል ወይስ እኛ?» በዚህ ጊዜ በወላጆችና በመምህራን አፍ ላይ የሚቀርቡ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንዱ «እነሱ አያውቁም፤ አንተ አትጠጋቸው» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ «ሁሉም ያው ነው፤ እግዚአብሔር አንድ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው የበለጠ ደግነት ያለው ይመስላል፤ በአንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጋር ይተባበራል፤ ሁለቱም የራስን እምነት ከማስረዳት ድካም ያሳርፋሉ። ሁሉም ያው ከሆነ ይህ ልጅ እሑድ ማለዳ ከአልጋው ተነሥቶ በታክሲ ተሳፍሮ ለምን ይመጣል? የጎረቤቱ ልጅስ በረመዳን ለምን ትጾማለች? እርሷ ያው ነው ብላ አታምንም፤ እኛ ስለ እርሷ ያው ነው ማለታችን እምነቷን ማክበር አይደለም።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በሱማ ቴዎሎጂካ ውስጥ፣ ኅሊናው ቢሳሳት እንኳ ሰው ኅሊናው ክፉ ነው ያለውን ነገር ቢያደርግ እንደሚበድል ያስተምራል። ይህ ማለት ስሕተት የለም ማለት አይደለም፤ ቶማስ እውነት አንድ እንደሆነች አይጠራጠርም። ነገር ግን ሰው ወደ እውነት የሚደርሰው በገዛ ኅሊናው በር ነው፤ በሩን ሰብሮ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ለልጁ ሊባል የሚቻለው እንደዚህ ያለ ነገር ይመስለኛል፤ እኛ ጌታ ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደሆነ እናምናለን፤ እነርሱ እንደዚያ አያምኑም፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የጓደኛህ እናት በእውነት ትጸልያለች፤ እኛም በእውነት መጸለይ አለብን። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት አያንሰውም። የሚያንሰው ቤቱ የማይጸልይ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሐሰት ይሆንበታል፤ ልጆችም እንዳየነው ሐሰትን ቶሎ ያያሉ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ነገር ልጨምር። የጎረቤት ልጆች ከእኛ ልጆች ጋር ለኳስና ለጨዋታ ወደ ግቢያችን ይመጣሉ፤ በትምህርት ቤቶቻችንም ከሚማሩት መካከል ካቶሊክ ያልሆኑት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቻችን በቅን ልብ ተነሣሥተን፣ ወላጆቻቸው ሳያውቁ ጸሎት ልናስጠናቸው ይቃጣናል። ይኸው ቅዱስ ቶማስ ያላመኑ ወላጆችን ልጆች ከወላጆቻቸው ፈቃድ ውጭ ማጥመቅ ይገባልን ብሎ ጠይቆ አይገባም ሲል መልሷል። ልጅ የራሱን ነገር በራሱ ማሰብ እስኪችል ድረስ በወላጆቹ ጥበቃ ሥር እንደ መንፈሳዊ ማሕፀን ባለ ስፍራ ነው፤ ከዚያ ማውጣት የተፈጥሮን ፍትሕ ይቃወማል ይላል። ይህን ያለው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ፣ ወላጆች ሁሉ ልጆቻቸው የሚያገኙትን ሃይማኖታዊ ትምህርት የመወሰን መብት እንዳላቸው አጽንቷል። የእኛን ልጅ ማንም ሳያስፈቅደን እንዳያስተምርብን እንፈልግ የለም? ልዩነቱ በደረጃው ማዶ ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በባልና ሚስት መካከል ስለሆነባቸው ቤቶች ደግሞ ብዙ የሚባል አለ፤ ለእርሱ ሌላ ቦታ ያስፈልገዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። በዚያው ደረጃ ላይ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች አሉ፤ አንዲት ሕፃን ወልደዋል። የሕፃኒቱ የመጀመሪያ ልደት ሲከበር ልጃችን ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስም፣ «እማዬ፣ የእነሱ የሠርግ ፎቶ የት ነው?» አለ። በሚያውቃቸው ቤቶች ሁሉ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያየው ነገር በዚህ ቤት የለም። እናቲቱ እንደገና ወደ እኔ መጣች፤ «አባ፣ ይሄኛውስ እንደ ሥጋው ነው?»

እንደ ሥጋው አይደለም። የጎረቤቴ ድስት ከእኔ ድስት ቢለይ እኔን አይጎዳኝም፤ እርሱንም አይጎዳውም። ጋብቻ ግን ለእኛ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ቃል ነው፤ ቃል ባልተሰጠበት ቤት አንዱ ሲወጣ ሌላውና ልጁ ምን ይዘው እንደሚቀሩ ለማየት የቁምስናችንን የእርዳታ ጠያቂዎች ዝርዝር መመልከት ይበቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ድስት በመጣድ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለልጁም «ፎቶው ተሰብሮ ይሆናል» ማለት ሥጋውን በፌስታል ከመቋጠር አይለይም። «አባትህና እኔ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ተሰጣጥተናል፤ እነርሱ ገና አልተሰጣጡም፤ ለምን እንደሆነ የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ በደረጃው ላይ አናወራውም» ብትዪው ይበቃዋል አልኋት። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከልጁ ይልቅ ለእኛ ለዐዋቂዎቹ የሚከብድ ነው።

ነገር ግን ለምን አልተጋቡም? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ያውቃል፤ ወረቀቱ አስቸጋሪ አይደለም። ኋላ እንደሰማሁት የሚያግዳቸው ድግሱ ነው። የወጣቱ ቤተ ሰቦች አዳራሽ፣ ሚዜ፣ መኪናና ቪዲዮ የሌለበትን ሠርግ እንደ ውርደት ይቆጥሩታል፤ ገንዘቡ እስኪሞላ ሦስት ዓመት አለፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ቃለ ምዕዳን ይህንኑ አስተውለው፣ በአንዳንድ አገሮች የሠርግ ወጪ ድሆችን ያለ ጋብቻ አብሮ ወደ መኖር እንደሚገፋ ጽፈዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1981 በቤተሰብ ላይ ባስተላለፉት ቃለ ምዕዳን እረኞች የእያንዳንዱን ቤት ምክንያት ለይተው እንዲያውቁና በአክብሮት እንዲቀርቡ አሳስበዋል። በዚህ ነገር እኛም አለንበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሁለት ምስክር ፊት ተክሊል ያደረጉትን «ድሃ ሠርግ» ብሎ ያሽሟጠጠ፣ ያለ ድግስ የተጋባችን ልጅ እናት ያሳፈረ ስንት ምእመን አለ? ያላገቡትን መንቀፍ የጀመረ ሰው መጀመሪያ እርሱ ለልጁ የደገሰውን ድግስ ይቍጠር።

የተጀመረውን ልጨርስ። ዐምና ለአረፋ ከፊት ለፊት ያለችው ልጅ እንደገና በሩን አንኳኳች። በሳህኑ ላይ የነበረው የምስር ሳምቡሳና ተምር ነው። እናቲቱ ገና እያመሰገነች ሳለ ልጇ ሁለተኛውን ሳምቡሳ ጀምሮ ነበር። ለፋሲካ ደግሞ እርሷ ዳቦ ጋግራ ላከች፤ ሌማቱ ባዶውን አልተመለሰም።

የወጣቶቹ ነገር ግን ገና ነው። ወጣቱ በልጅነቱ በጉራጌ አገር በሚገኝ የካቶሊክ ቁምስና የተጠመቀ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን በኃላፊነቴ ሥር ያለ ነፍስ ነው። አንድ ቀን ቡና ጠርተውኝ ሄድሁ። ሕፃኒቱን ባረክሁ፤ ስለ ሥራቸውና ስለ ውኃ መቋረጥ ተጫወትን። ስለ ጋብቻ እነርሱ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ደረጃውን እየወረድሁ ሳለ ዝምታዬ ትዕግሥት ይሁን ይሉኝታ ራሴን ጠየቅሁ፤ እስካሁንም አልለየሁትም። ከጾሙ በኋላ እንድመለስ ነግረውኛል። ስሄድ ያለ አዳራሽ፣ ያለ ቪዲዮ፣ ከእሑድ ቅዳሴ ቀጥሎ የሚፈጸም ተክሊል ምን እንደሚጠይቅ ልነግራቸው አስቤአለሁ፤ ቁምስናው ለቡናና ለዳቦ የሚሆነውን እንዲችል ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረናል።